ሠላሳ ሁለት ከመቶ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጆሮ» ብሎ ነው። ስም ጠፍቶለት አይደለም፤ መታወቂያው ላይ የሰፈረ ደህና ስም አለው፣ ግን በዚያ ስም የሚጠራው ባንክና ክሊኒክ ብቻ ነው። እሱም ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም «ጆሮ አለ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሲመጣ «ሁለቱም አሉ፣ ግባ» ይላል።

በሰባት ዓመቱ ኩፍኝ ያዘው፤ ሲለቀው ዓይኖቹን ይዞበት ሄደ። አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው በስብሰባ ነው፤ ተሰብስቦ ሳይሆን ሰዎች ተሰብስበው ያወሩትን እየሰማ። ማኅበሩም፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴም፣ የነጋዴዎቹ ምክር ቤትም ስብሰባውን በድምፅ ይቀዳል፤ ቅጂው ወደ አንድ የጽሕፈት ቢሮ ይሄዳል፤ ቢሮው ደግሞ በፍላሽ አድርጎ ለጆሮ ይልክለታል። ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ቀኝ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ካለችው ፔዳል ላይ ያሳርፋል። ፔዳሏን ሲረግጥ ድምፁ ይሄዳል፣ ሲለቅ ይቆማል፣ በተረከዙ ጫን ሲል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እጆቹ የሰማውን ይተይባሉ። ከተናጋሪዎቹ አንዱንም በአካል አግኝቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ግን በሳላቸው ይለያቸዋል። አንዱ ሊቀ መንበር ነገር ሊያጋንን ሲል ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ እንደሚጠርግ ከአባላቱ ሁሉ ቀድሞ የደረሰበት እሱ ነው።

የተየበውን መልሶ የሚያነብለት ኮምፒውተሩ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ድምፁ ደስታም ኀዘንም የማያውቅ፣ የሞትና የሠርግ ወሬን በአንድ ቃና የሚያወርድ ወንድ ነው፤ ስለዚህ የጆሮ እህት «አቶ ደረቁ» ብላ ስም አወጣችለት። ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጎኑ ሞቅ ይላል፣ ውስጡ ያለው ዲስክ ሲሠራ ይንኮሻኮሻል፣ ጠዋት ሲከፍቱት እስኪነሣ ድረስ ሰው ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል።

ከአቶ ደረቁ በፊት የተየበውንም ሌላውንም የምታነብለት እህቱ ነበረች። በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። እሱ ትምህርት ቤት ሲገባ መጽሐፎቹን ሁሉ ጮክ ብላ የምታነብለት እሷ ስለነበረች፣ አንድ ጊዜ ያለፈችውን ክፍል ሁሉ ከእሱ ጋር እንደገና ተማረችው። «እኔ የተማርኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ወረቀቱን የሰጡኝ ግን አንድ ጊዜ ነው» እያለች ትቀልዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወላጆቻቸው በተዉላቸው፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። ጋዜጣው፣ ደብዳቤው፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ ሁሉም ነገር በእሷ ዓይን በኩል ነበር ወደ እሱ የሚገባው። ኮምፒውተሩ የመጣ ሰሞን ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገጽ ማንንም ሳያስቸግር ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበ፤ የዚያን ዕለት የተሰማውን እስካሁን አይረሳውም። ደስታው እሱ ማንበቡ ብቻ አልነበረም፤ እሷ ማረፏም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእሷ የቀረላት ወረቀት ላይ የሚመጣው ብቻ ነው፤ የመብራቱ ወረቀትና ቢሮው በየወሩ የሚልከው ማስታወሻ።

ታዲያ ያን ሰሞን ቢሮው አዲስ ሕግ አወጣ። ጽሑፍ የሚቀበለው በአዲስ ፕሮግራም በኩል ብቻ ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲስተሙን ካላደሰ አይሠራም። ቢሮው ይህን የነገረው ከሁለት ወር በፊት ነበር። አቶ ደረቁ በየጠዋቱ «ሲስተሙ አሁን ይታደስ?» ይላል፤ ጆሮ በየጠዋቱ «በኋላ» የሚለውን ይጫናል። የእኛ ሰው «በኋላ» ማለት ሲያገኝ አይጠግብም። በመጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ የቢሮው ኃላፊ ስልክ ደወለና፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ በአዲሱ መንገድ ጽሑፉን ያልላከ ሰው ሥራው ለሌላ እንደሚሰጥ በጨዋ ቋንቋ ነገረው። የሠራው ጽሑፍ በፍላሽ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ለእሱ አልሰጋም። የፈራው ለማሽኑ ነው። ይህ ኮምፒውተር ቢሞት ሥራውም ይሄዳል፣ እሱም በስድሳ ዓመቱ ደፍ ላይ ተመልሶ የእህቱ ዓይን ላይ ሊቀመጥ ነው። ይህን ከማየት ሌላ ነገር ሁሉ ይቀለኛል የሚል ሰው ነው።

በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ «እሺ» የሚለውን ተጫነ። አቶ ደረቁ «ኮምፒውተሩ ይዘጋል» አለና ጸጥ አለ። ዓይን ላለው ሰው እድሳት ማለት ስክሪን ላይ ቁጥር ሲያድግ ማየት ነው። ለጆሮ ግን አቶ ደረቁም አብሮ ይተኛል፤ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ስለዚህ እጁን ከማሽኑ ጎን ላይ አሳርፎ ዲስኩ ሲንኮሻኮሽ እያዳመጠ ቁጭ አለ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ከበላያቸው የምትኖረው ልብስ ሰፊ ወደ ሥራ ስትወርድ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እስቲ ምን ይላል?» አላት።

«ሰማያዊ ነው። ‹እየታደሰ ነው፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ› ይላል። ሠላሳ ሁለት ከመቶ» አለችና አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየሮጠች ሄደች።

ከዚያ በኋላ ተራው የእህቱ ሆነ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ «እታለም፣ ስንት ደረሰ?» አላት። ከጓዳ ወጥታ ስክሪኑ ፊት ቆመችና «ሠላሳ ስድስት» አለች። አራት ሰዓት ላይ አርባ አንድ ሆነ። አራት ተኩል ላይ አርባ ሰባት። እሱ ግን ነገሩ አላማረውም። ዲስኩ ልብስ ሰፊዋ ከሄደች ወዲህ ትንፍሽ አላለም። ጎኑም እየቀዘቀዘ ነው። የሚሠራ ማሽን እንዲህ ዝም እንደማይል ጆሮው ያውቃል፤ ቁጥሩ ደግሞ ያድጋል። አምስት ሰዓት ላይ «ሃምሳ ሁለት፣ ግማሹን አልፏል እኮ» ስትለው ስልኩን አንሥቶ ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ደወለ።

ጠጋኙ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሱቅ ያለው የድሮ ጓደኛው ነው። በደህናው ቀን ቢሆን ራሱ ይመጣ ነበር፤ ግን ባለፈው ሳምንት ከመሰላል ወድቆ እግሩ ጀሶ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዱ የማይራመድ፣ አንዱ የማያይ፣ በስልክ ተያይዘው ኮምፒውተር ሊያድኑ ተነሡ። ጆሮ የሆነውን ነገረውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ዲስኩ ዝም ካለ ስንት ጊዜው ነው?» አለ ጠጋኙ።

«ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«ከሠላሳ ሁለት ተነሥቶ ሃምሳ ሁለት ገብቷል።»

«አይገጥምም» አለ ጠጋኙ። «ቁጥሩ ከሄደ ዲስኩ መንኮሻኮሽ አለበት። ወይ ያንተ ጆሮ ተበላሽቷል፣ ወይ ቁጥሩ ሌላ ነው። ስማኝ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። እየሄደ ያለውን ማሽን ካጠፋኸው ገደልከው። ቆሞ የቀረውን ደግሞ እስከ ከርሞ ብትጠብቀው አይነቃልህም። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ አጥፋም አታጥፋም አልልህም። ያንን ቁጥር በትክክል ንገሩኝ።»

ጆሮ ወደ እህቱ ዞረ። ከኋላው ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማዋል። በዚያች ቅጽበት ድሮ አራተኛ ክፍል እያለ የሆነው ነገር ትዝ አለው። የንባብ መጽሐፋቸው ውስጥ ወንዝ ስትሻገር ጎርፍ የወሰዳት የአንዲት በቅሎ ታሪክ ነበረ። እህቱ ስታነብለት በቅሎዋን ከጎርፉ አወጣቻት፤ ሣር ሁሉ አብልታታለች። ፈተና ላይ «በቅሎዋ ምን ሆነች?» ሲባል «በሰላም ወጥታ ሣር በላች» አለና ዜሮ አገኘ። «ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው» ብላው ነበር ያኔ። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፋት። አሁን ግን ሳቁ መጣ።

«እታለም» አላት፣ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ይህም እንደ በቅሎዋ ነው እንዴ? ልቤ እንዳይሰበር ብለሽ ነው የምታሳድጊው?»

«ኧረ ምን ነካህ፣ ሃምሳ ሁለት ነው ስልህ።»

«እስቲ ማይልኝ።»

እህቱ ስትምል አንድ መሐላ ነው ያላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ነው የምትለው። ለጨው ማነስ፣ ለጠፋ ማንኪያ፣ ለማይረባው ነገር ሁሉ ትምልበታለች። ጆሮ መሐላዋን ጠበቀ። አልመጣም።

«አላየውም» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን። ነጭ ነገር እንዳለ ይታየኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልለየውም። ልብስ ሰፊዋ ከሄደች በኋላ ያለውን ሁሉ ከራሴ ነው የነገርኩህ። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በመጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ፤ ከዚያ መነጽሬ የቆሸሸ መሰለኝ፤ ከዚያ…» ድምፏ ተሰበረ። «ዓይኑ ነኝ ብዬ እኮ ነው የኖርኩት። እኔም ካላየሁ ምን ልሆንልህ ነው?»

ጆሮን መጀመሪያ የተሰማው ኀፍረት ነው። ለወራት እህቱ ስትሄድ መዳፏ ግድግዳውን ሲዳብስ ይሰማ ነበር፤ ጉልበቷን አሟት ነው ብሎ ዝም አለ። ድስቱን ከማንሣቷ በፊት ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ሲፈልግ ሰምቷል። ራሱ ሲያደርገው የኖረው ነገር፣ ከእሷ ሲመጣ አላወቀውም። የኮሚቴ ሊቀ መንበር ጉሮሮ የሚለይ ሰው የገዛ እህቱን አልሰማም። እንዲህ ያለውን ጆሮ ቆርጦ መጣል ነው፣ አለ በልቡ።

«ቆይ» አላት ድንገት። «የቢሮው ማስታወሻስ? በየወሩ የምታነቢልኝ?»

«የቱ?»

«‹በሥራዎ ኮርተንብዎታል፣ ከልብ እናመሰግናለን› የሚለው።»

እህቱ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሱማ ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ እኔ ምን አውቄ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን አንብባልኝ ነበር፤ ‹ስድስት ቅጂ ደርሶናል› ነው የሚለው። ይህ ደግሞ ደረቅ ሆነብኝ። የቀረውን ጨመርኩበት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮ ያቺን ምስጋና በየወሩ እየሰማ ነበር ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። ወገቡ ሲያመው፣ ስብሰባው ሲያሰለቸው፣ የሚያመሰግነኝ አለ እያለ ፔዳሏን ይረግጣል። አመስጋኟ ከጓዳ ስትወጣ ስትገባ የነበረች እህቱ ኖራለች። ሊቆጣ ልቡን ፈተሸ፤ ቁጣ የሚባል ነገር አጣበት።

«እንግዲያው ስታመሰግኚኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ» አላት። «እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠሁሽም።» እጁን ዘርግቶ ፈለጋት፤ እሷም ፈለገችው፤ ሁለቱም አየር ላይ ትንሽ ከዳበሱ በኋላ ተገናኙ።

«እኔ እዚህ አለሁ እኮ» አለ ስልኩ። ጠጋኙም ድምፁ ልክ አልነበረም። «እትዬ፣ አይዞዎት። ዓይንዎን ሐኪም ያየዋል። አሁን ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ቀለም ይለያሉ?»

«ቀለም አሳምሬ እለያለሁ። ሰማያዊ ነው።»

«ጎበዝ። ሌላ ከእርስዎ አልፈልግም። ጥቁር ሲሆን ጥቁር፣ ሰማያዊ ሲሆን ሰማያዊ ይበሉኝ፤ አልታይ ሲልዎት አልታየኝም ይበሉኝ። አንተ ደግሞ ዲስኩን ስማ። ጆሮህ ደህና ነው፤ ማሽኑ ሠላሳ ሁለት ላይ ነው የቆመው። አሁን ከኋላው የተሰካውን ነገር ሁሉ ንቀልልኝ።»

ጆሮ ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ። ፍላሹን ነቀለ፣ ማተሚያውን ነቀለ፣ ማዳመጫውን ነቀለ። «ኪቦርዱና ማውሱ ብቻ ቀሩ» አለ።

«ፔዳሏስ?»

ፔዳሏ ከኮምፒውተሩም በዕድሜ ትበልጣለች፤ እግሩ ሥር ከመቀመጧ የተነሣ የአካሉ ክፍል መስላዋለች፤ ከተሰካው ዕቃ አልቆጠራትም። «ፔዳሏ ምን ታደርጋለች?»

«ያረጀች ዕቃ ናት። አዲሱ ሲስተም ያገኛትን ዕቃ ሁሉ ማንነትሽ ምንድን ነው እያለ ይጠይቃል፤ እሷ መልስ የላትም፤ እሱም መልሷን ሲጠብቅ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ስንቱን እንዲህ ሲቆም አይቻለሁ። ንቀላት።»

ነቀላት። ሽቦዋን ጠቅልሎ ወንበር ላይ ሲያስቀምጣት ሰው ከቤት ያስወጣ ያህል ከበደው።

«አሁን የማብሪያውን ቁልፍ ተጫን፣ እስከ አሥር እስክትቆጥር አትልቀቅ።»

እህቱ ቆጠረች፤ እሱ ተጫነ። ስምንት ላይ ማራገቢያው እየሟሸሸ ሄዶ ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ጥቁር ሆነ» አለች።

«ትንሽ ይረፍ። አሁን አንዴ ተጫንና ልቀቅ።»

ማራገቢያው ተነሣ። ጆሮ ጆሮውን ከማሽኑ ጎን ላይ ለጠፈ። አንድ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ውስጡ አንድ ጊዜ ኮሽ አለ፤ ደገመ፤ ከዚያ ያለማቋረጥ ይንኮሻኮሽ ጀመር።

«ይሠራል» አለ፣ ድምፁን እንዳያስደነግጠው የፈራ ይመስል ቀስ ብሎ።

«ሰማያዊ ነው» አለች እህቱ። «ጽሑፍ አለ። ምን እንደሚል አልታየኝም።»

«የጀመረውን እያፈረሰ ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው፤ ተዉት» አለ ጠጋኙ። «እትዬ፣ እንዲህ ነው የምፈልገው።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። እህቱ ወንበሯን ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች፤ ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር ትናገራለች፤ ባልተለወጠም ጊዜ «አሁንም ያው ነው» ትላለች። በመጨረሻ አቶ ደረቁ ከእንቅልፉ ነቃና፣ በዚያ ደንታ ቢስ ድምፁ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለ። በዕድሜው ሙሉ ከሰማው ሰላምታ ሁሉ ለጆሮ እንዲህ የጣፈጠው የለም። እህቱ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ጠጋኙ «ገና ነው፣ ገና ነው» ብሎ አስቆማት።

ገናም ነበር። ፔዳሏ እንደተነቀለች እድሳቱን እንደገና አስጀመሩት። ጠጋኙ «በየግማሽ ሰዓቱ ደውሉልኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ምሳቸውን እዚያው ኮምፒውተሩ አጠገብ በሉ። ጆሮ በአንድ እጁ እየበላ በአንድ እጁ ማሽኑን እንደ በሽተኛ ግንባር ይዳብሳል። እህቱም በሁለት ዓመት ውስጥ የደበቀችውን ሁሉ ቀስ በቀስ አወጣችው። ጨውና ስኳሩን በጣቷ ቀምሳ እንደምትለይ፤ ደረጃውን ቆጥራ እንደምትወርድ፤ አንድ ቀን የማታውቃትን ሴት ልብስ ሰፊዋ መስላት አገላብጣ ስማ እንደተመለሰች። ጆሮ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ እሷም አብራው ሳቀች። ደረጃውን ስንት ብላ እንደቆጠረች ጠየቃት። አሥራ ሰባት አለችው። አሥራ ስምንት ነው አላት፤ የመጨረሻዋ አጭር ስለሆነች ሁሉም ሰው ይረሳታል። እንዲህ እያሉ ሰዓቱ ሄደ። አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዲስኩ ረጋ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ መልሶ በራ፣ አቶ ደረቁ ተነሣና «እድሳቱ ተጠናቋል» አለ።

ጆሮ ጽሑፉን በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላከ። ፔዳሏን ከሁለት ቀን በኋላ መልሶ ሲሰካት አዲሱ ሲስተም ያለምንም ጥያቄ ተቀበላት፤ ጠጋኙ ግን እስካሁን ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብሎ ይከራከራል።

በዚያው ሳምንት ዓይን ሕክምና ሄዱ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የእሷን ክንድ ይዞ የሄደው ሰው ያን ዕለት ክንዱን ሰጣት፤ በዘንጉ መንገዱን እየመታ ቀደመ። ከቤት ሲወርዱ የደረጃው መጨረሻ ላይ «አጭሯ መጣች» አላት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነች፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ። የእህቱን ዓይን በመብራት አየችና የዓይን ሞራ እንደሆነ፣ በቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ፣ ሁለቱም ዓይኖች ደህና ተስፋ እንዳላቸው ነገረቻቸው። «አሁን ደግሞ ምን ያህል እንደሚያዩ ልለካ» ብላ እህቱን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ ከላይ ያለውን ትልቁን ፊደል ይንገሩኝ።»

እህቱ ዝም አለች። ጆሮ ያቺን ዝምታ ያውቃታል። በቅሎዋን ከጎርፍ ከማውጣቷ በፊት፣ ቁጥሩን ከማሳደጓ በፊት፣ ምስጋናውን ከመጨመሯ በፊት እንዲህ ትንፋሽ ትስብ ነበር። ምን ልትል ነው ብሎ ጠበቀ።

«አይታየኝም» አለች።

«ጥሩ» አለች ሐኪሟ እየጻፈች። «ከዚህ እንጀምራለን።»

ጆሮ ወንበሩን ወደ እህቱ አስጠግቶ እጇን ያዘ። ከልጅነቱ ጀምሮ ስንት መጽሐፍ አንብባለታለች፤ በዚያች አንዲት ቃል ያመሰገናትን ያህል ግን በአንዱም አመስግኗት አያውቅም።